ሰኞ ላይ በአንድ እግር

«ዓሣዋ! አንቺ ነሽ እንዴ? ዛሬም ሐይቅ ውስጥ ነው የምትኖሪው?»

ይህን ያለኝ የድሮ የእንግሊዝኛ አስተማሪዬ ነው። ፊት ለፊቴ፣ ጮክ ብሎ፣ እንግዶቹ እየሰሙ። እኔ ሐይቁ ዳር ባለ መዝናኛ ውስጥ ሽርጤን አስሬ፣ የተጠበሰ ቆሮሶ በትሪ ይዤ ቆሜያለሁ። እንግዶቹ ቀልዱ ስላልገባቸው አስረዳቸው። ተማሪው እንደነበርኩ፣ አንድ ቀን «ዌር ዱ ዩ ሊቭ?» ብሎ ሲጠይቀኝ የከተማችንን የሐይቅን ስም ጭምር ተርጉሜ «አይ ሊቭ ኢን ሌክ» እንዳልኩት ነገራቸው። «ዓሣ ነሽ እንዴ አልኳት!» አለና ጠረጴዛውን በመዳፉ መታ። ሳቁለት። ዓሣውን አስቀመጥኩ። «ሎሚ አምጪልን፣ ጎበዝ» አለኝ። ሎሚ ላመጣ ዞርኩ። ከጠረጴዛው እስከ ወጥ ቤቱ ያለው መንገድ አጭር ነው። የሐይቁ ሽታ፣ ያ የእርጥብ ደንገልና የዓሣ ቅርፊት ሽታ፣ በመስኮቱ ቀድሞኝ ገብቶ ነበር፤ ልጅነቴም አብሮት ገባ።

ቲቸር ፕሪፖ ነበር የምንለው። ትክክለኛ ስሙን አልጽፍም፤ እሱ የእኔን ስም መች ጠርቶት ያውቅና! አምስተኛ ክፍል እያለን፣ ለውጡ በመጣ ሰሞን ነው የተመደበልን። የእኔ ዘመን ልጆች ያን ሰሞን ታስታውሱታላችሁ። የሻይ ቤቱ ቴሌቪዥን ከጠዋት እስከ ማታ ስብሰባ ያሳያል፣ ባጃጆቹ መስታወታቸው ላይ ፎቶ ለጥፈዋል፣ ሁለት ሰው ተጣልቶ ሲታረቅ እንኳ «ተደመርን» ይባባል ነበር። አዲሱ አስተማሪ ከለውጡ የደረሰን ድርሻ መሰለን። ሸሚዙ ሱሪው ውስጥ የገባ፣ ጫማው የሚያብለጨልጭ፣ ሽቶው ከእሱ ቀድሞ ክፍል የሚደርስ፣ «ጉድ ሞርኒንግ» ሲል አፉን እንደ ዜና አንባቢ የሚያደርግ ሰው ነበር። በመጀመሪያው ቀን፣ ከዛሬ ጀምሮ በዚህ ክፍል የተሰበረ እንግሊዝኛ እንደማይነገር አስታወቀ። ያልተሰበረውን ከየት እንደምናመጣው ግን አልነገረንም።

ይልቁንስ ታርጋ አመጣ። ታርጋ ያልነው እኛ ነን እንጂ ነገሩ ከብስኩት ካርቶን የተቆረጠ፣ በሲባጎ አንገት ላይ የሚንጠለጠል፣ በቀይ እስክሪብቶ «ፕሪፖዚሽን» ተብሎ በእንግሊዝኛ ፊደል የተጻፈበት ቁራጭ ነው። ኢን፣ ኦን፣ አት፣ ፎር የሚባሉትን ትንንሽ ቃላት ያለቦታቸው የተናገረ አንገቱ ላይ ያጠልቀዋል። ሌላ የሚሳሳት እስኪገኝ አያወልቀውም። ደወል ሲደወል አንገቱ ላይ የተገኘበት ክፍሉን ይጠርጋል። ቆይቶ ደግሞ ለፕሪፖዚሽን ብቻ መሆኑ ቀረና ለማንኛውም ስሕተት ሆነ። ከዚያ በኋላ በእኛ ክፍል እንግሊዝኛ መማር ማለት ጓደኛሽ እስኪሳሳት አፍሽን ዘግተሽ መቀመጥ ሆነ።

እስቲ አሁን ፍረዱኝ። በእኛ ቋንቋ «በ» አንዲት ናት። በእግር እንሄዳለን፣ በመኪና እንሄዳለን፣ በሌሊት እንነሳለን፣ በዱላ እንመታለን፣ በአላህ እንምላለን። አንዲቷ «በ» ሁሉንም ተሸክማ ስትዞር ትውላለች፤ ደከመኝ ብላ አታውቅም። እነሱ ግን ለእግሩ ሌላ፣ ለመኪናው ሌላ፣ ለሌሊቱ ሌላ፣ ለዱላው ሌላ አላቸው። ይህን የሚያውቀው እሱ ነው። ሊነግረን ነበር ደመወዝ የሚከፈለው። እሱ ግን እኛ ስንወለድ ይዘነው መምጣት የነበረብን ይመስል ይስቅብናል። «ቴሌቪዥኑን ዝጊ» ስትባል ያደገች ልጅ «ክሎዝ ዘ ቲቪ» ብትል ምን ይደንቃል? «ቴሌቪዥን በር አለው እንዴ?» አለኝ። በአማርኛስ በር አለው? በር ባይኖረውም እንዘጋዋለን።

ጉንፋኑስ! አንድ ቀን ሳስነጥስ ምን ሆነሽ ነው ተባልኩና፣ ጉንፋን እንደያዘኝ አማርኛውን እንዳለ ገልብጬ፣ ጉንፋኑን ያዥ እኔን ተያዥ አድርጌ ተናገርኩ። ታርጋው መጣ። ለካስ በእነሱ ጉንፋን ሰውን አይዝም፤ ሰው ነው ጉንፋን የሚይዘው። ቤት ገብቼ ለእናቴ ብነግራት ከስፌት መኪናዋ ቀና ሳትል «ሮጠው ነው የሚይዙት? ኧረ ይተውት፣ ምን ያደርግላቸዋል!» አለች። እስከ ዛሬ ከዚህ የተሻለ ማብራሪያ አላገኘሁም።

የሌኩም ነገር እንዲሁ ነው። ከተማችን ሐይቅ ናት፤ ሐይቁም ሐይቅ ነው። ተርጉሙ፣ ተርጉሙ ሲለን ከረመ፤ እኔም ተረጎምኩ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ፋጡማ መሆኔ ቀረና ዓሣ ሆንኩ። በኋላ የጂኦግራፊ መጽሐፋችን ካርታ ላይ የእኛ ሐይቅ በእንግሊዝኛ «ሌክ ሐይቅ» ተብሎ ተጽፎ አገኘሁት። ሐይቅ ሐይቅ ማለት አይደለም? ለእነሱስ ማን ታርጋ አጠለቀላቸው? መጽሐፉን ይዤ ሄጄ አሳየሁት። «ዓሣ ካርታም ታነባለች!» ብሎ ክፍሉን አሳቀብኝ።

ለእኔስ ግድ አልነበረኝም። እኔ አፌ አያርፍም፤ አንድ ሲሉኝ ሁለት እመልሳለሁ። ታርጋውን እንደ ወርቅ ሐብል አጥልቄ በወንበሮቹ መካከል እየተንጎራደድኩ ሰዉን አስቅ ነበር። እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ የሰዓዳ ነገር ነው።

ሰዓዳ ከአምባሰል ተራራ ሥር ካለች መንደር ነበር የመጣችው። እናቶቻችን ዘመዳሞች ስለሆኑ ከእኛ ቤት ሆና ትማራለች። አርብ ከሰዓት ወደ ውጫሌ በሚሄድ ሚኒባስ ተሳፍራ ቤተሰቧ ዘንድ ትሄዳለች፤ እሑድ ማታ ትመለሳለች። አርብ አርብ እናቷ ከመንደሩ ወርዳ አስፋልቱ ዳር ትጠብቃታለች፤ ዘነበ አልዘነበ፣ መሸ አልመሸ። አባቷ ጋሽ ሰይድ ደግሞ ነገሩን ቁርጥ አድርገው ነግረዋታል። የስምንተኛ ክፍሉን ሚኒስትሪ ካለፈች ትማራለች፤ ካላለፈች እንደ ታላቅ እህቷ ዓረብ አገር ትሄዳለች። ክፉ ሰው ሆነው አይደለም። ለሴት ልጅ የሚታያቸው መንገድ ሁለት ነበር፤ ሁለቱንም ነገሯት። ሰዓዳ ይህን ሚኒስትሪ የሚባል ነገር ስትተኛም ስትነሳም ታስበው ነበር። እንግሊዝኛ ከወደቀች ሌላው እንደማያነሳትም ታውቃለች። ዝምተኛ ናት። እኔ ዝም ስል አኩርፌ ነው፤ እሷ ግን ዝም ስትል እያሰበች ነው።

በዕረፍት ሰዓት ጨዋታችን ሰኞ ማክሰኞ ነበር። መሬቱ ላይ በእንጨት ሳጥን ሳጥን ታሰምሪያለሽ። የመጀመሪያው ሰኞ ነው፣ ቀጥሎ ማክሰኞ፣ እያለ ይሄዳል። ጠጠርሽን ወርውረሽ በአንድ እግር ትዘልያለሽ፤ መስመር ከረገጥሽ ወጣሽ። ስምንተኛ ክፍል እያለን አንድ ቀን ታርጋው እኔ አንገት ላይ ነበር፤ «ኢን መንደይ» ብዬ። አንገቴ ላይ እየተወዛወዘ ዝላዬን አበላሸብኝና ተራው የሰዓዳ ሆነ። ሰዓዳ ሰኞ ላይ በአንድ እግሯ ቆማ ቀረች። አትዘልም።

«ምነው ደነዘዝሽ?» አልኳት።

«ፋጤ፣ አሁን የት ነው የቆምኩት?»

«ሰኞ ላይ ነዋ!»

«እህ! ላይ ነው አይደል?» አለችና ሁለተኛውን እግሯን አወረደች። መስመር ረገጠች፤ ግን ማንም አላወጣትም፤ ፊቷን ስናይ ጨዋታው ተረሳን።

እንጨቱን አነሳችና ሳጥኖቹን ሁሉ በአንድ ትልቅ ክብ ከበበቻቸው። ክቡ ወሩ ነው፤ ውስጡ ነን፤ ስለዚህ ኢን። ሳጥኑ ቀኑ ነው፤ ላዩ ላይ እንቆማለን፤ ስለዚህ ኦን። ጠጠሩ ደግሞ ሰዓቱ ነው። እሱ ውስጥ መግባት አይቻልም፣ እሱ ላይም አይቆምም፤ ጎንበስ ብለሽ በጣትሽ ጫፍ ታነሺዋለሽ፤ እሱ አት ነው። ያ ሰው ስንት ዓመት ሙሉ በካርቶን ያላስገባልንን፣ እሷ በአንድ ዕረፍት በእንጨት አስገባችልን። ዛሬም በእንግሊዝኛ ቀን ስጠራ አንድ እግሬ ብድግ ይላል።

ብዙ ሳይቆይ ክፍሉ በሙሉ ተማረው። የሴት ጨዋታ ነው እያሉ ሲያሾፉ የነበሩት ወንዶች እንኳ ዳር ቆመው በአፋቸው ይዘሉ ጀመር። ታርጋው ሚስማር ላይ ተሰቅሎ አቧራ ጠጣ። እኔ ሞኟ ቲቸር ደስ የሚለው መስሎኝ ነበር። አስተማሪ አይደል?

ደስ አላለውም። ማን እንዳሳየን ጠየቀ፤ ሁላችንም ኮራ ብለን ወደ ሰዓዳ ጠቆምን። ወደ ሜዳው ወጣ። ስዕሉን ቆሞ አየው፣ አየው፣ ከዚያ በዚያ በሚያብለጨልጭ ጫማው ክቡን እያሸ አጠፋው። «እንግሊዝኛ በመዝለል አይማሩትም» አለ። ክፍል ገባንና ሰዓዳን ወደ ሰሌዳው ጠራት። ጨዋታዋ የማይደርስበትን ቃል መርጦ ጠበቃት። «ዌይት» አላት፤ በዚህ ዓረፍተ ነገር ሥሪ።

አርብ ነበር። ሰዓዳ አርብ ከሰዓት የምታስበው ነገር አንድ ብቻ ነው። «ማይ ማዘር ዌይት ሚ» አለች።

«ዌይት ሚ!» አለ ቲቸር፣ ድምፅዋን አቅጥኖ። «ፎርን የት ጣልሻት? አምባሰል ተራራ ላይ?» ክፍሉ ሳቀ። ሳቁ እስኪበርድ ጠበቀና «እኮ እናትሽ ምን እያደረገች ነው? ቁጭ ብላ እየቆየችሽ ነው ወይስ እንደ ከብት እየጠበቀችሽ?» አላት።

ሰዓዳ አሰበች። ከምሯ ነበር ያሰበችው። «ሁለቱንም፣ ቲቸር» አለች፤ በአማርኛ።

እውነቷን ነበር! በእኛ መጠበቅ ሁለት ነገር ነው። አስፋልቱ ዳር የምትቆመው ሴትዮ ልጇ እስክትመጣ ትቆያለች፤ ስትመጣ ደግሞ ከጅቡም፣ መንገድ ላይ ከሚተናኮለው ጎረምሳም እየጠበቀች ሽቅብ ትወስዳታለች። እኛ ለሁለቱም አንድ ቃል አለን፤ እነሱ ሁለት ቃል አላቸው፤ የመቆየቷ ፎር ትፈልጋለች፤ በቃ። ይህን ለማለት ስንት ጊዜ ይፈጃል? ይኸው እኔ በሁለት መስመር ጨረስኩት። እሱ ግን በአማርኛ መልሳለች ብሎ ጭምር ታርጋውን ከሚስማሩ አወረደና አጠለቀላት። እስከ ሰኞ እንዳታወልቀው፣ ወደ ቤትም አጥልቃው እንድትሄድ አዘዛት።

እስከ መኪና መያዣው ድረስ አብሬያት ሄድኩ። አውልቂው፣ ማን ያይሻል አልኳት። «ሰኞ ይጠይቀኛል። የፈተና መቀመጫዬን ቢከለክለኝስ?» አለች። በሻሿ ጫፍ ልትሸፍነው ሞከረች፤ ካርቶኑ በለጣት። ባጃጅ ነጂዎቹ አንዱ «ታርጋ ቁጥሯን ያዙ!» ሲል ሌላው «ቦሎዋ አላለፈም ወይ?» እያለ ይጮኻሉ። በሌላ ቀን ቢሆን እኔንም ያስቀኝ ነበር። ሚኒባሱ ሲነሳ በመስኮቱ አየኋት። ካርቶኑን በሁለት እጇ ደረቷ ላይ ይዛዋለች፤ እንዳይታይ ይሁን እንዳይቀደድ አላውቅም።

ሰኞ አልመጣችም። ማክሰኞም አልመጣች። በማግሥቱ ቲቸር ገባና እንደ ሁልጊዜው «ቱዴይ ዊ ዊል ዲስከስ አባውት ፕሪፖዚሽን» አለ። እኔ ደግሞ ሰዓዳ ከቀረች ወዲህ በንዴት የታላቅ ወንድሜን አሮጌ የግራመር መጽሐፍ ስገልጥ ነው የሰነበትኩት። ተነሳሁ። «ቲቸር፣ ዲስከስ አባውት አይባልም። ዲስከስ አባውት አትፈልግም፤ ብቻዋን ናት። ታርጋው ሰዓዳ ጋ ሆነ እንጂ የዛሬው ተራ የእርስዎ ነበር» አልኩት። መጽሐፉን ላሳየው ብዘረጋለት አላየውም። «ውጪ! ወላጅ ሳታመጪ እንዳትመለሽ!» አለኝ። በአማርኛ ነው ያለኝ።

እናቴ ነገሩን ከሰማች በኋላ የስፌት መኪናዋን ሸፈነች፣ ሻሿን አስተካከለች። ወደ ትምህርት ቤቱ የምንሄድ መስሎኝ ነበር። «የእሱን በኋላ እንደርስበታለን። ወላጅ የሚያስፈልጋት ሰዓዳ ናት» ብላ ሚኒባስ አሳፈረችኝ።

የበልግ ዝናብ ያረጠበው መሬት ይሸታል። ከአስፋልቱ ወርደን ሽቅብ ስንወጣ ጋሽ ሰይድ በሬዎቻቸውን ጠምደው ያርሱ ነበር። ዕርፉን ለቀው መጡና ከእናቴ ጋር ሰላምታው ረዘመ፤ ደኅና ነን፣ አልሐምዱሊላህ፣ ከብቱ ደኅና ነው፣ ዝናቡ ደኅና ነው። የሰዓዳ እናት ግን ገና እኔን ስታይ ነው ማልቀስ የጀመረችው። ያን አርብ ሰዓዳ ከሚኒባሱ ስትወርድ አንገቷ ላይ የተንጠለጠለውን በቀይ የተጻፈበት ነገር አይታ ሽልማት መስሏታል። ልጇ አንደኛ የወጣች መስሏት አስፋልቱ ዳር እልል አለች። መንገደኛው ሁሉ አብሯት እልል አለ። ሰዓዳ አፏን ከፍታ አይደለም ማለት አቃታት። እንደዚያው አጥልቃው እየተመረቀች ሽቅብ ወጣች። ጎረቤት ተሰበሰበ። በኋላ ከመርሳ የመጣ የጎረቤት ዘመድ አነበበና ምን እንደሆነ ተናገረ።

«ልጄን እንደ ጠፋች ፍየል ምልክት አስረው ሰደዱልኝ» አሉ ጋሽ ሰይድ። «ከዚህ በላይ ምን ትምህርት አለ? ይቅርባት።»

ሰዓዳ ከጓሮ ነበር ያገኘኋት። «ስለተሳቀብኝ አይደለም፣ ፋጤ። እማ እልል ያለችው ነው ከጆሮዬ አልወጣ ያለው» አለችኝ። ታርጋው የት እንዳለ ጠየቅኳት፤ በአገጯ አሳየችኝ። አባቷ የንብ ቀፎ አፍ ገጥመውበታል። ንቦቹ በቀዩ ጽሑፍ ዙሪያ ይገባሉ ይወጣሉ። መጀመሪያ እኔ ሳቅኩ፣ ከዚያ እሷ፤ እስክናለቅስ ሳቅን።

እናቴ እዚያ ቤት አምሽታ ለመነች። አብሽሩ፣ ልጅቱ ጎበዝ ናት፣ የአንድ ሰው ጥጋብ አያስቀራትም፣ እኔ ነኝ ተጠያቂዋ አለች። ጋሽ ሰይድ በመጨረሻ፣ የዘንድሮው ይቅርባት፤ ለመስከረም ግን ሌላ አስተማሪ ካለ ትመለስና ትፈተን፣ ኢንሻአላህ አሉ። ሰዓዳ የእናቴን ጉልበት ሳመች። እኔን እናቴ ወስዳ ክፍል አስመለሰችኝና ሚኒስትሪን ያለ እሷ ተፈተንኩ። ክረምቱ ሲገባ ቲቸር ፕሪፖ ወደ አንድ ቢሮ ተዛወረ ተባለ፤ እንዲያውም አደገ ነው ያሉት። እኔ ደስታዬ ልክ አልነበረውም፤ ለሰዓዳ መንገዱ የተጠረገላት መሰለኝ።

መስከረም መጣ፤ ሰዓዳም መጣች። ግን ከነእናቷ፣ ከነአባቷ፣ ከነአገሬው ነበር የመጣችው፤ ጦርነቱ ከወልድያ በኩል እየገፋ አምባሰል ደርሶ ነበር። ትምህርት ቤታችን የተፈናቃይ ማረፊያ ሆነ። ለእነሰዓዳ የደረሳቸው የእኛው የስምንተኛ ክፍል ነው። ዴስኮቹን ወደ ግድግዳ ገፍተው ሰሌዳው ሥር አነጠፉ። ቤታችን ኑ ብንላቸው ጋሽ ሰይድ ከመንደራቸው ሰው አንለይም አሉ። ሰዓዳ «ይኸው ትምህርት ቤት ገባሁ» ትለኝ ነበር። ከባድ መሣሪያ በሩቅ ሲያጓራ የሚያለቅሱትን ሕፃናት ሰብስባ፣ ሲሚንቶው ላይ በጠመኔ ሰኞ ማክሰኞ ከነክቡ ታሰምርላቸዋለች፤ ቀኖቹን በእንግሊዝኛ እየጠሩ ይዘላሉ። የምዝገባው ቀን ተላለፈ። ዳግመኛ ተላለፈ። ከዚያ አንድ ቀን ራሷ ከተማዋ ተነሳች።

ወደ ደሴ የሚወስደው መንገድ ሰው ብቻ ነበር። አንዱ ፍራሽ ተሸክሟል፣ ሌላው በግ ይጎትታል። ሰዓዳ ትንሽ ወንድሟን አዝላ ከኋላዬ ነበረች። በሰው ጎርፍ መሐል «ፋጤ፣ ጠብቂኝ!» ስትል ሰማኋት። የትኛውን እንደለመነችኝ አላሰብኩም፤ ቆምኩ፣ እጇን ያዝኩ፣ ኮምቦልቻ እስክንገባ አለቀቅኩትም።

ስንመለስ ዴስኮቹ ተማግደዋል። መስኮቶቹ ተነቅለው ነፋስ እንደልቡ ይመላለሳል፤ ሰዓዳ ያሰመረችውን አመድ ሸፍኖታል። የእነጋሽ ሰይድ ቤት የባሰ ሆኖ ጠበቃቸው። በሬ የለ፣ እህል የለ፣ ቀፎዎቹም ተሰባብረዋል። ሁለት መንገድ የነበራቸው ሰው አንድ ቀራቸው። እናቴ ልትለምን ሄዳ አብራቸው አልቅሳ ተመለሰች።

ሰዓዳ የሄደችው በጠዋት ነው። ከዚያው ከድሮው መኪና መያዣ፣ ግን ወደ ደሴ በሚሄደው ሚኒባስ። ጥቁር ዓባያ ለብሳ ትልቅ ሰው መስላለች። እኔ፣ አፌ የማያርፈው፣ ሻንጣዋን ብቻ አቀበልኳት። መኪናው ሲንቀሳቀስ መስኮቱን ከፍታ አንገቷን አወጣችና በቲቸር ድምፅ «ዌይት ሚ!» አለችኝ። እየሳቀች ነበር።

አሁን ጅዳ ናት። አልፎ አልፎ ድምፅዋን ቀድታ ትልክልኛለች። ዓረብኛን ቶሎ ለመደችው። እዚያም ትንንሾቹን ቃላት ታምታታለች አሉ። የአሠሪዋ ሕፃን ልጅ እየሳቀ ያርማታል፤ ደግማ ትለዋለች፤ ያጨበጭብላታል። «ፋጤ፣ መሳሳት ለካ እንዲህ ነው?» አለችኝ አንድ ቀን።

እኔ አሥራ ሁለተኛን ጨረስኩና ይኸው እዚህ ዓሣ አቀርባለሁ። በትምህርት ቤቱ በር ሳልፍ ዛሬም ሴቶች ልጆች ሰኞ ማክሰኞ ሲጫወቱ አያለሁ። እንግሊዝኛውን በስልክ ነው የሚማሩት፤ ሲሳሳቱ ስልኩ ቀይ ያበራና ድገሙ ይላቸዋል፤ አንገታቸው ላይ የሚያንጠለጥለው የለውም። ደግ ነው። ግን ሳጥኖቹን በክብ የሚከብ የለም። ያን ክብ ያሰመረችው ልጅ በዚያ ሜዳ ላይ አስተማሪ ሆና መቆም ነበረባት። ይህን ባሰብኩ ቁጥር የምይዘው የምጨብጠው ያሳጣኛል።

ሎሚውን ቆርጬ በሳህን ይዤ ተመለስኩ። ቲቸር ለእንግዶቹ ስለ ታርጋው እያወራላቸው ነው። «በካርቶን ነው ያሠለጠንኳቸው! ዛሬ ይቺን ብታዩ ከፈረንጅ ጋር ትግባባለች። ያኔ ባላሳፍራቸው እዚህ ይደርሱ ነበር?» አለና ወደ እኔ ዞረ። «ያቺ ጓደኛሽስ? ያቺ ዌይት ሚ! የት ደረሰች?»

«ጅዳ ናት» አልኩት።

«አገባች?»

«ቤት ትጠርጋለች።»

አንዷ እንግዳ ሹካዋን አስቀመጠች። እሱ ዓሣው ላይ ሎሚ ጨመቀ። «ጎበዝ ነበረች እኮ» አለ። «ትገናኛላችሁ ወይ?»

«እጠብቃታለሁ።»

ፊቱ በራ። «እስኪ በእንግሊዝኛ በዪው!» አለኝና ወደ እንግዶቹ ዞሮ «አሁን ታያላችሁ» አላቸው።

ሽርጤን ፈታሁ። አጣጥፌ ከሎሚው ሳህን አጠገብ አስቀመጥኩት።

«አይ ዌይት ኸር» አልኩት፤ ሁለቱንም ማለቴ ነበር።

«ፎር!» አለ ጣቱን አንስቶ። «ፎር የት ገባች?»

ደረጃውን ወረድኩና በሐይቁ ዳር ባለው መንገድ ወደ አስፋልቱ ሄድኩ።